ቡገንቪሊያ በብዛት እንዲያብብ ውኃውን ቀንሱለት

በግቢያችሁ ያለው ቡገንቪሊያ ቅጠሉ ለምልሞ፣ ቅርንጫፉም ከአጥር በላይ እየዘለቀ አበባ የሚነፍጋችሁ ከሆነ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የእንክብካቤ ማነስ ሳይሆን የውኃና የማዳበሪያ መብዛት ነው። የክረምቱ ዝናብ ካቆመ በኋላ በየቀኑ ማጠጣቱን ተዉትና የጫፍ ቅጠሎቹ ጠውለግ ማለት እስኪጀምሩ ጠብቁ፤ ያን ጊዜ ውኃው እስከ ሥሩ እንዲዘልቅ አድርጋችሁ አጠጡት፣ ከዚያም አፈሩ እንደገና እስኪደርቅ ድረስ አትንኩት። እምቡጥ እስኪያወጣ ይህንኑ እየደጋገማችሁ፣ ፍግም ሆነ ዩሪያ ከመጨመር ተቆጠቡ።

ተክሉ ውኃና በፍግም በዩሪያም ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን የተባለ ንጥረ ነገር እንደ ልብ ሲያገኝ ጉልበቱን በቅጠልና በቅርንጫፍ ላይ ያውላል፤ መጠነኛ ጥማት ሲሰማው ግን ወደ ማበብ ያዘነብላል። (ዓይን የሚስበው ሐምራዊ ወይም ቀይ ክፍል ራሱ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለችው ትንሽ ቱቦ መሳይ ነገር ናት።) አበባው የሚወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ በመሆኑ፣ አንዱ ዙር ሲረግፍ ጫፎቹን መከርከም ለቀጣዩ ዙር እጅግ ይረዳል፤ እሾሁ ክፉ ስለሆነ ወፍራም ጓንት አድርጉ።

በቀን ቢያንስ 5 ወይም 6 ሰዓት ፀሐይ የማያገኝ ተክል ውኃ ስለተቀነሰበት ብቻ አያብብም። በቅርቡ የተተከለውንና ሥሩ ገና ያልያዘውን ደግሞ ፈጽሞ አታስጠሙት፤ እስኪጠነክር ድረስ አዘውትሮ መጠጣት አለበት።