የጺም መላጫ ሲነደፍ የሚሠሩ ስህተቶች

ከሱቅ የሚገዛው ባለ ሁለት ፊት ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ 22 ሚሊሜትር ነው። ርዝመቱ ከነጫፎቹ 43 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆንም የተሳለው 37 ሚሊሜትር ያህሉ ብቻ ነው። በሁለቱ አጫጭር ጫፎች ይዘው ትንሽ ቢያጎብጡት እንደ ወረቀት ይታጠፋል፤ ሲለቁት ይንቀጠቀጣል። መላጫ መንደፍ ማለት ይህን የሚንቀጠቀጥ ቅጠል ጸጥ አድርጎ መያዝ ነው። መርካቶም ይሁን ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ ቶርኖ ቤት ገብቶ ናሙና ያስወጣ ሰው የሚገጥመው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ይነሳል።

ለመግባባት ያህል፦ የመላጫው ራስ ከላይ ክዳን፣ መሀል ምላጭ፣ ከታች መቀመጫ አለው። የመቀመጫው ዳር፣ ቆዳን የሚነካው፣ ከንፈር ይባል።

ክፍተቱ ከጠበበ ቆዳ አይቆርጥም ብሎ ማመን

ይህ የስህተቶቹ ሁሉ አባት ነው። በስለቱና በከንፈሩ መካከል ያለው ክፍተት ከሦስቱ ወሳኝ ልኮች አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛው የስለቱ ብቅ ማለት ነው፦ የክዳኑን ዳርና ከንፈሩን የሚነካ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር፣ ስለቱ ከዚያ መስመር ምን ያህል ወደ ውጭ ይወጣል? ሦስተኛው፣ ማንም የማያየው፣ ምላጩ የመጨረሻ ድጋፍ ካገኘበት ቦታ እስከ ስለቱ ጫፍ ድረስ አየር ላይ የቀረው ርዝመት ነው።

ክፍተቱ 0.5 ሆኖ ምላጩ 3 ሚሊሜትር ያህል ያለ ድጋፍ ከቀረ፣ ጠንካራ ጺም ሲያገኝ ወደ ኋላ ይጎብጥና ጸጉሩን ሲያልፍ ተመልሶ ቆዳ ላይ ያርፋል። አገጭ ላይ ተደርድረው የሚታዩት ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች ከዚህ የሚመጡ ናቸው። ክፍተቱ 0.7 ሆኖ ምላጩ ከጫፉ 1.5 ሚሊሜትር ያህል ላይ በደንብ ከተጨበጠ ግን መላጫው ለስላሳ ይሆናል። ተጠቃሚው «ጠባቡ ቆረጠኝ፣ ሰፊው አልቆረጠኝም» ሲል ግራ የሚገባው ነዳፊ ይህችን ሦስተኛ ልክ የዘለለ ነው።

መነሻ እንዲሆን፣ በየቀኑ ለሚላጭ ሰው ክፍተት ከ0.4 እስከ 0.5፣ የሁለት ሦስት ቀን ጺም ላለው ከ0.6 እስከ 0.7፣ ሳምንት ለሰነበተ ጺም ወይም ለራስ ጸጉር ከ0.8 እስከ 0.9 ይያዝ። ብቅታው ከዜሮ እስከ 0.05 ከሆነ ለማንም እጅ ይሆናል፤ ከ0.1 ካለፈ እጁ ለለመደ ሰው ብቻ ነው።

እነዚህን ልኮች በዓይን መገመት አይቻልም። የመላጫውን ራስ የጎን ገጽታ ግማሹን ብቻ 20 እጥፍ አሳድገው ኤ4 ወረቀት ላይ አግድም ይሳሉት። የምላጩ ግማሽ ስፋት 11 ሚሊሜትር ስለሆነ ወረቀቱ ላይ 220 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር፣ የ0.05 ብቅታ ደግሞ 1 ሚሊሜትር ይሆናል። ያኔ የክዳኑ ቅስት ምላጩን የት እንደሚነካውና የት እንደሚለቀው በማስመሪያ ይታያል። ኮምፒውተር ላይ ለሚሠሩም ይህ ወረቀት አይቅር፤ ስክሪን ላይ የሚያሳስት ነገር ወረቀት ላይ ቶሎ ይጋለጣል።

የተሠራውን ለመለካት ሶማሌ ተራ ያሉ ሜካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚያዩባት፣ ቅጠል ቅጠል የሆነችው ስስ የብረት መለኪያ ትበቃለች። የ0.50 ቅጠሏ ገብታ የ0.55ቷ እምቢ ካለች ክፍተቱ በሁለቱ መካከል ነው። በአራቱም ማዕዘን ይለካ።

ምላጩ የሚሰካባቸውን ፒኖች ማላላት

ምላጩ መሀሉ ላይ ያለው ክፍት ቦታ ፒኖች ላይ ይቀመጣል። አንዳንዱ «በቀላሉ እንዲገባ» ብሎ ፒኑን በየጎኑ በ0.1 ያሳንሰዋል። ምላጩ በዚያ ልክ ወደ አንድ ጎን ቢሸሽ አንደኛው ስለት ይወጣል፣ ሌላኛው በዚያው ልክ ይገባል፤ በሁለቱ ፊቶች መካከል የ0.2 ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። አንዱ ፊት ይፋጃል፣ ሌላው ያልፋል። ምላጩ ሲሰካ ትንሽ የሚያስቸግር ያህል ጠበቅ ያለ ይሁን።

እጀታውን አላልቶ ክፍተት ማስፋት

አንድ መላጫ ለብዙ ሥራ እንዲሆን ሲፈለግ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ይህ ነው፦ እጀታውን ግማሽ ዙር ማላላት። አብዛኛው መላጫ የሚገጥምበት ብሎን ኤም5 (5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው) ሲሆን በአንድ ዙር 0.8 ሚሊሜትር ይጓዛል። ግማሽ ዙር 0.4 ነው። ክፍተቱ በእርግጥ ይሰፋል፤ ግን ምላጩን የሚጨብጠው ኃይል አብሮ ይጠፋል። ያ ቅጠል እንደገና መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ አረፋ ሥሩ ይገባል፣ አንድ ፊት ከሌላው ይለያል። ምላጩን ሳይለቁ መቀመጫውን ብቻ የሚያንቀሳቅሱ በስፕሪንግና በቀለበት የሚሠሩ መላጫዎች አሉ፤ ነገር ግን ብዙ ክፍል ስላላቸውና ስህተት ስለማይችሉ ለአነስተኛ ቶርኖ ቤት አይመከሩም።

የሚያዋጣው አንድ ክዳን፣ አንድ እጀታና ሦስት ተቀያያሪ መቀመጫ ነው፦ 0.45፣ 0.65 እና 0.85። የትኛው የትኛው እንደሆነ በቀለም ሳይሆን በተቦረቦረ ነጥብ ይለይ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነጥብ። ቀለም በሳሙና ይለቃል፤ ነጥብ ግን መብራት በሄደበት ሰዓት በጣት ይነበባል።

አራተኛ መቀመጫ መጨመር የሚፈልግ፣ የአንዱን ጎን ከንፈር ቀጥ ያለ፣ የሌላውን እንደ ሚዶ ጥርስ ያለው ያድርገው። ጥርስ ያለው ጎን ረጅም ጸጉር ሳይተኛ እንዲገባ ያደርጋል፤ ቀጥ ያለው ለማጥራት ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ጎኖቹን መለያ ምልክት እጀታው ላይ በማድረግ ነው። እጀታው ብሎን ስለሆነ በጠበቀ ቁጥር ሌላ ቦታ ላይ ይቆማል። ምልክቱ ክዳኑ አጭር ጫፍ ላይ ይሁን፤ ክዳኑም ዞሮ እንዳይገጥም፣ አንዱ ፒን መቀመጫው ውስጥ የሚገባው ጫፉ ከሌላው ይቅጠን።

ስለት ማብዛት

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ፋብሪካዎች ሦስትና አምስት ስለት ስለደረደሩ ብቻ ሁለት ምላጭ የሚደርብ መላጫ የሚነድፍ አለ። ባለ ሁለት ስለቱ ካርትሪጅ (ስለቶቹ አብረው የታሰሩበት ተቀያሪ ራስ) ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ አሠራሩ የመጀመሪያው ስለት ጸጉሩን ጎተት ሲያደርገው ሁለተኛው ተመልሶ ሳይገባ እንዲቆርጠው ነው። ውጤቱ ከቆዳ ወለል በታች የተቆረጠ ጸጉር ነው። ቀጥ ላለ ጸጉር ይህ ልስላሴ ነው። ለተጠቀለለ ጸጉር ግን ሹሉ ጫፍ ሲያድግ ዞሮ የራሱን ቆዳ ይወጋል፤ አንገት ላይ የሚወጣው እብጠትና ጥቁረት ምክንያቱ ይኸው ነው። የእኛ ተጠቃሚ አብዛኛው ጸጉሩ የተጠቀለለ ነው። አንድ ስለት፣ በቆዳ ወለል ልክ የሚቆርጥ፣ ይበቃል። በዚያ ላይ ተቀራርበው የተደረደሩ ስለቶች መሀል የገባ ጸጉር በቀላሉ አይወጣም።

ቧንቧ ሁልጊዜ አለ ብሎ መንደፍ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው የሚላጨው በጣሳ ወይም በትንሽ ሳፋ ውሃ ነው። መላጫው በሚፈስ ውሃ ግፊት ሳይሆን ጣሳ ውስጥ ሁለቴ ሲርገፈገፍ ነው መጽዳት ያለበት። መቀመጫው ላይ በየጎኑ የሚደረጉት የአረፋ መውጫዎች ቢያንስ 2 ሚሊሜትር ይስፉ፤ ከውስጥ ወደ ውጭ እየሰፉ ይሂዱ። ከውጭ ጠበው ከውስጥ ከሰፉ የደረቅ ሳሙና አረፋ ከጸጉር ጋር ተጋግሮ እንደ ጭቃ ይደፍናቸዋል። የተደፈነ ራስ ሥር ሥሩን ስለማይቆርጥ ተጠቃሚው መጫን ይጀምራል፤ መቆረጥ የሚመጣውም ያኔ ነው።

የእጀታ ክብደት

12 ሚሊሜትር ውፍረትና 90 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ድፍን ዘንግ ከአሉሚኒየም ሲሆን 27 ግራም፣ ከናስ ሲሆን 86 ግራም፣ ከማይዝግ ብረት ሲሆን 81 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከፕላስቲክ 11 ግራም ቢሆን ነው። ቀላል እጀታ እጅን ያስጭናል፣ ከባዱ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከነራሱ ከ70 እስከ 100 ግራም ጥሩ ነው፤ የክብደቱ መሀል ግን ወደ መላጫው ራስ ይጠጋ። መላጫውን ጣት ላይ አግድም አስቀምጠው ሚዛን ሲጠብቅ፣ ጣቱ ከክዳኑ 30 ሚሊሜትር አካባቢ ላይ ቢሆን ይመረጣል።

እጀታው ላይ የሚቦረቦረው ጭረት መስቀለኛ ይሁን። ዙሪያውን ብቻ የተቦረቦረ ሳሙና ባለው እጅ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ለረጅሙ ብቻ የተቦረቦረ ወደ ታች ይንሸራተታል።

ብረቱን በዋጋ ብቻ መምረጥ

ዛማክ የሚባለው የዚንክ ቅይጥ በክሮም ተቀብቶ ሲወጣ ያምራል። ክሮሙ አንዴ ከተጫረ ሥሩ ያለው ዚንክ በሳሙናና በበረኪና ይበላል፤ ከክዳኑ የሚወጣው የብሎን ዘንግም አንድ ቀን ሲጠበቅ ጥርሱ ሥር ይሰበራል። ዛማክ ግድ ከሆነ ቢያንስ ዘንጉ የማይዝግ ብረት ይሁን። የአሉሚኒየም እጀታ ውስጥ የብረት ብሎን መግጠምም ሌላ ጣጣ ነው፤ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኙ አሉሚኒየሙ ይበላና ጥርሱ ይነክሳል፣ ከወራት በኋላ በፒንሳም አይፈታም። ናስ በናስ ወይም የማይዝግ ብረት በማይዝግ ብረት ይግጠም።

የእጀታው የብሎን ቀዳዳ መጨረሻው ድፍን ከሆነ ውሃ ያቁራል። ከጎኑ 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበሳ።

ጸጉር ቤትን መርሳት

በአዲስ አበባ ጸጉር ቤቶች ምላጭ ከነወረቀቱ ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ መያዣ ውስጥ ይገባል፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ነው። ምላጩ ይጣላል፣ መያዣው ግን ይቀራል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደረቅ ነገር ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ መያዣው ብሩሽ የማይደርስበት ስንጥቅ ሊኖረው አይገባም። ሙሉ በሙሉ የማይፈታ ራስ፣ ተጣብቆ የተሠራ ማጠፊያ፣ የተደበቀ ስፕሪንግ፣ ሁሉም ለጸጉር ቤት አይሆኑም።

«ይቀቀላል» የሚለው መልስ እዚህ ከተማ ደካማ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የተለመደው ዘዴ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሎ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ንድፉ ይህን መቻል አለበት፤ አሉሚኒየምና ዛማክ አይችሉም፣ ጥሩ የማይዝግ ብረት ግን ቶሎ ከታጠበና ከደረቀ ይችላል።

የምላጩን ጫፎች ማጋለጥ

ክዳኑ 41 ሚሊሜትር ከሆነ የምላጩ ጫፎች በሁለቱም በኩል ይወጣሉ። ጫፎቹ የተሳሉ ባይሆኑም አፍንጫ ሥርና ጆሮ ግንድ ላይ ይቧጥጣሉ። ክዳኑን 44 ማድረግ ይሸፍናቸዋል፤ ችግሩ፣ ምላጩን ሲያወጡ የሚይዙት ቦታ ይጠፋል። መፍትሔው ክዳኑ አጭር ጫፍ ላይ መሀሉን ብቻ 6 ሚሊሜትር ያህል ገባ አድርጎ መተው ነው፤ ጣት ጫፉን ያገኛል፣ ስለቱን አያገኝም።

አብሮ የሚሸጠው ቆርቆሮም የንድፉ አካል ይሁን። 25 በ1 ሚሊሜትር የሆነ ስንጥቅ ያለው ዝግ ጣሳ ያገለገለ ምላጭ ያስገባል፣ አያስወጣም። ቆሻሻ ውስጥ የተወረወረ ምላጭ የቆራሌውን እጅ ነው የሚያገኘው።

መጀመሪያ ፊት ላይ መሞከር

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ተራው ስሪዲ ፕሪንተር በ0.4 ሚሊሜትር አፍንጫ ስለሚያትም የ0.05 ልክ አይጠብቅም፤ የእጀታ ቅርጽ እጅ ላይ ለመሞከር እንጂ ለመላጫው ራስ አይሆንም። የታተመ ራስ ላይ ምላጭ አይግባ።

የብረቱ ናሙና ሲወጣ ምላጩን 10 ጊዜ እያወጡ እያስገቡ፣ በየጊዜው አራቱንም ማዕዘን በቅጠል መለኪያዋ ይለኩ። ልዩነቱ ከ0.05 ካለፈ ወደ ፒኖቹ ይመለሱ። ቀጥሎ ፊኛ ነፍተው፣ የሳሙና አረፋ ቀብተው፣ ሳይጫኑ ይላጩት። ክዳኑ መጀመሪያ ይንካ፣ ከዚያ እጀታው ዝቅ እያለ ስለቱ አረፋውን ያንሳ፤ በስለቱና በፊኛው መካከል ያለው ማዕዘን 30 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ንጹህ መንገድ ይተዋል። ፊኛው ከፈነዳ የት ጋ እንደነካው ይታያል፦ መሀል ከሆነ ብቅታው በዝቷል፣ ዳር ላይ ከሆነ የስለቱ ጥግ ከከንፈሩ አልፎ ወጥቷል። አምስት ፊኛ በተከታታይ ከተረፈ፣ በ0.45ቱ መቀመጫ፣ ጺሙ በሙቅ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ከራሰ በኋላ፣ ጉንጭ ላይ ይጀመር። አንገት በሌላ ቀን።