ግቢያችሁ ውስጥ ትልቅ ዛፍ ካለ፣ ነፋሱ ከመምጣቱ በፊት እግሩን እዩ

እዚህ አሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት፣ ሲያትል፣ ሬንተን፣ ሾርላይን ምናምን ቤት ገዝታችሁ ከቤቱ ጋር ሃምሳ ስልሳ ዓመት የቆመ ዳግላስ ፈር ወይ ሬድ ሲዳር የሚባል እንደ ጥድ ያለ ረጅም ዛፍ ለደረሳችሁ ነው የምጽፈው። የኖቬምበር 2024ቱ ማዕበል ሰው ከገደለና ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት ካጠፋበት በኋላ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ "ጫፉን ላስቆርጠው እንዴ?" ይለኛል። እባካችሁ አታስቆርጡት። ጫፉ የተቆረጠ ዛፍ ከቁስሉ ጀምሮ መበስበስ ይጀምራል፣ በዛ ላይ በጎን በጎኑ አዲስ ጫፍ ያወጣል፣ ያ አዲሱ ግንዱን አጥብቆ አይዝም፣ ከዓመታት በኋላ ነፋስ ገንጥሎ ጣራችሁ ላይ የሚጥለው እሱን ነው።

ዋናው ነገር ያለው ሥሩ ጋ ነው። የዚህ አገር አፈር ብዙ ቦታ ላይ ከሥሩ ድሮ የበረዶ ግግር የጠቀጠቀው እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ ንጣፍ አለው፣ ሥሩ እሱን በስቶ መውረድ ስለማይችል ወደ ጎን ይዘረጋል፣ አብዛኛው ከላይ ባለችው 2 ጫማ ውስጥ ነው ያለው። ከኦክቶበር ጀምሮ ሲዘንብ ሲዘንብ ያቺ አፈር እንደ አጥሚት ትቀጥንና ልክ በዛ ሰዓት ነፋሱ ይመጣል። የ2024ቱ ደግሞ ከምስራቅ ነበር የነፈሰው፣ ዛፎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ የለመዱት ከደቡብ የሚመጣውን ነው።

ስለዚህ ዝናብ ሲያባራ ወጥታችሁ ግንዱን ዙሩት። አፈሩ በአንድ በኩል ተሰንጥቋል ወይ ተነስቷል? ግርጌው ላይ በመከር የማር መልክ ያለው እንጉዳይ ተሰብስቦ በቅሏል? ግንዱ ላይ እንደ መደርደሪያ የወጣ ጠንካራ ነገር አለ? ድሮ ቀጥ ብሎ የነበረው ዘንድሮ ዘመም ብሏል? አንዱ እንኳን ካለ ባለሙያ ጥሩ። ነፋስ ባለበት ቀን ደግሞ እንዳትጠጉት፣ በመስኮት ሆናችሁ ግርጌውን ብቻ ተመልከቱ፣ መሬቱ እንደሚተነፍስ ደረት ከፍ ዝቅ ካለ በዛ በኩል ባለው ክፍል ማንም እንዳይተኛ።

እኔ የሥርን ነገር የተማርኩት ድራይቭዌዬን (የመኪና መግቢያዬን) ሳሰፋ ነው። ሰራተኞቹ ሲቆፍሩ ጭኔን የሚያክል የፈር ሥር አገኙ፣ ምንም አይሆንም ብለው በመጋዝ ቆረጡት፣ እኔም ቆሜ እያየሁ ዝም አልኩ፣ የሙጫው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ሁለት ዓመት ቅጠሉ አረንጓዴ ነበር፣ ምንም አይነካውም ብዬ ነበር፣ በሦስተኛው ክረምት ሌሊት ላይ ከነሥሩ ተነቅሎ የጎረቤቴን አጥር ይዞ ወደቀ። ከግንዱ ምን ያህል ርቆ መቆፈር እንዳለበት ልኬቱ ቀላል ነው፣ ግንዱን በደረት ከፍታ (ዙሪያውን ሳይሆን ከጎን እስከ ጎን ያለውን ውፍረት) ትለኩታላችሁ፣ ለእያንዳንዱ ኢንች ውፍረት 1 ጫማ ዙሪያውን ትተዋላችሁ፣ ግንዱ 30 ኢንች ከሆነ እስከ 30 ጫማ ድረስ ቁፋሮ የለም። መኪናም የለም። ለክርስትና ለለቅሶ እንግዳ ሲበዛ መኪናውን ሁሉ ሳሩ ላይ ነው የምናስቆመው አይደል፣ እርጥብ አፈር በጎማ አንዴ ከተደፈጠጠ ግን ለዓመታት አየር አያስገባም፣ ሥሩም ይታፈናል።

በዛ ፈንታ አፈሩን የእንጨት ቺፕስ (የተከተፈ እንጨት) አልብሱት፣ ዛፍ ቆራጮች ብዙ ጊዜ በነፃ ያራግፉላችኋል። 3 ወይ 4 ኢንች ይበቃል፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቁት፣ ቅርፊቱ ላይ ከከመራችሁት ያበሰብሰዋል።

በበጋ ውሃ ይፈልጋል ስል ሰው አያምነኝም። በዓመት ሲያትል ላይ ከሚዘንበው አዲስ አበባ ላይ የሚዘንበው ይበልጣል እኮ፣ እዚህ ደግሞ ጁላይና ኦገስት ጠብ አይልም ማለት ይቻላል፣ ሬድ ሲዳሮቹ ከጫፋቸው እየደረቁ ያሉት በዚህ ጥም ነው። በሁለት ሦስት ሳምንት አንዴ የውሃ ጎማውን በቀስታ ከፍታችሁ ቅርንጫፉ የሚያልቅበት አካባቢ ልቀቁት፣ ካቻቢቴ መሬቱ ውስጥ ሳይታገል እስኪገባ። በሴፕቴምበር የሲዳሩ የውስጥ ቅጠል ብቻ ቡናማ ሆኖ ቢረግፍ አትደንግጡ፣ ጤና ነው።

ሞሱን (ግንዱን የሚሸፍነውን ለስላሳ አረንጓዴ) ተዉት፣ ዛፉን አይጎዳም። አይቪ የሚባለው ሐረግ ግን ክብደት ነው፣ ነፋስም ይሰበስባል፣ በትከሻችሁ ቁመት ዙሪያውን ቁረጡት፣ ከታችም እንደዛው፣ የላይኛው እዛው ይድረቅ፣ ከጎተታችሁት የደረቀ ቅርንጫፍ ይዞ ይመጣል። ቅርንጫፍ ስታስቆርጡ የሞተውንና የተሰበረውን ብቻ፣ ግንዱ ጋ ካለችው እብጠት ውጪ ይቆረጥ፣ ቀለም አይቀባ። "ነፋስ እንዲያልፍ" ተብሎ መሃሉ ከተራቆተ ክብደቱ ጫፍ ላይ ይቀርና ይብሳል። መብራት ሽቦ አጠገብ ያለውን በራሳችሁ አትንኩት፣ መብራት ኃይሉን ጥሩ።

ሲያትል ከተማ ውስጥ በ2023 በወጣው ሕግ ውፍረቱ ከ24 ኢንች ጀምሮ ያለ ዛፍ አደገኛ ካልሆነ በቀር በቀላሉ አይቆረጥም፣ ሌሎቹ ከተሞች የየራሳቸው አላቸው፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከማዕበል ማግስት በር የሚያንኳኳውን አታስገቡ፣ አይኤስኤ ሰርቲፋይድ አርቦሪስት (ዓለም አቀፉ የዛፍ እንክብካቤ ማኅበር የመሰከረለት የዛፍ ባለሙያ) ፈልጉ፣ ኢንሹራንሱን አሳየኝ በሉት። ከመጣ በኋላ የት እንደሚያይ ልብ በሉ። አንጋጦ አይቶ ብቻ ዋጋ የሚጠራውን አመስግናችሁ ሸኙት፣ ተንበርክኮ ቺፕሱን በእጁ ገለል አድርጎ ሥሩን የሚነካካውን አሠሩ።