ትርፍ አንጀት ሲይዛችሁ «ደህና ነኝ» አትበሉ

የደሴ ሰው «እንዴት አደርክ?» ሲሉት ቀድሞ ፈጣሪውን ያመሰግናል። አንዱ አልሐምዱሊላህ፣ ሌላው እግዚአብሔር ይመስገን። ሕመሙ የሚወራው ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ነው። ባሕር ማዶ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ቶና የለም። «ደህና ነኝ» ካላችሁ ነርሷ ደህና ብላ ትጽፋለች።

እኔን ትርፍ አንጀት የያዘኝ ኮምቦልቻ ነው። ማታ እምብርቴ ዙሪያ ቆረጠኝ። ጨጓራ ነው ተባለ፣ ፌጦ በሎሚ ጠጣሁ። ሲነጋ ሕመሙ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወርዷል። ወደ ደሴ ስንወጣ ሐረጎ ላይ መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ለካ እሱም ምልክት ነው፤ ሲያስሉና ሲራመዱም ይብሳል።

የሕመሙን ጉዞ ያዙት። ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ከእምብርት ወደ ቀኝ የሆድ ታች ይሄዳል። ምግብ ያስጠላል፣ ያስመልሳል፣ ትኩሳት ይከተላል። ነፍሰ ጡር ላይ ከፍ ብሎ ሊያም ይችላል፤ ሕፃናትና አረጋውያን ላይ ደግሞ ምልክቱ ይደበቃል። ድንገት ተወት ቢያደርጋችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል።

«በልተህ አትሩጥ፣ ትርፍ አንጀት ይሆንብሃል» እየተባልን ነው ያደግነው። ሩጫው ምንም አላጠፋም። ብዙውን ጊዜ የትርፍ አንጀቱ አፍ በደረቀ ሰገራ ወይም በእብጠት ሲዘጋ ነው የሚነሳው።

ስለዚህ ፌጦው ይቅር፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም ይቅር። ኦፕራሲዮን ሊኖር ስለሚችል አትብሉ፣ አትጠጡ። አሜሪካና ካናዳ 911፣ እንግሊዝ 999፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112 ደውሉ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ኢንሹራንስ የለኝም ብላችሁ ቤት አትቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ ሜዲኬር የሚባለውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ የሚቀበል ሆስፒታል ድንገተኛ በሽተኛን ሳይመረምርና ሳያረጋጋ እንዳይመልስ ያስገድዳል። ሂሳቡ በኋላ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ የክፍያ ድጋፍ ጠይቁ። እዚያው «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በሉ፣ በነጻ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ።

ሕመማችሁን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት ይሏችኋል። 9 ከሆነ 9 በሉ እንጂ «ትንሽ ነው» አትበሉ። ደም፣ ሽንት፣ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ይከተላል። ለሴቶች የእርግዝና ምርመራ ይጨመራል፤ ያላገባችሁ አትቆጡ፣ አሠራሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በትንንሽ ቀዳዳ ገብተው ያወጡታል። ያልፈነዳ ከሆነ አንዳንዱን በአንቲባዮቲክ ብቻ ያክማሉ፣ ግን ሊመለስ ይችላል።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ደግሞ ነርሷ ፈስ ወጣ ወይ ብላ በግልጽ ትጠይቃለች። እኔ አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስለነበር አልወጣም ብዬ ዋሸሁ። ጥያቄው አንጀት ሥራ መጀመሩን ለማወቅ ነበር፤ እኔም ምግብ ሳይሰጠኝ ዋልኩ።