በሰሜን ሸዋ ተከታታይ የስኑከር ውድድር ስለ ማዘጋጀት

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት ተከታታይ የስኑከር (በጠረጴዛ ላይ ኳሶችን በዘንግ እየመቱ ወደ ኪስ የማስገባት ጨዋታ) ውድድር ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዝ፣ የሰሜን አየርላንድ፣ የስኮትላንድና የዌልስ ኦፕን ውድድሮችን ያስተሳሰረውን የባለሙያዎች ውድድር አርአያ ቢያደርግ ይጠቀማል። በዚያ አራቱንም ለሚያሸንፍ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ተመድቦ ነበር፤ ለእኛ ግን ዋናው ነገር በየከተማው የተገኘው ነጥብ እየተደመረ መሄዱ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ቀድሞ 4 ፍሬም (ኳሶቹ ተደርድረው የሚጀመር አንድ ሙሉ ጨዋታ) ያሸነፈ ይለፍ፤ ፍጻሜው ቀድሞ 9 ፍሬም ላሸነፈ ይሁን፤ ረጅም ስለሆነም ከሰዓት በኋላና ማታ ተከፍሎ ይካሄድ።

ከሁሉ በላይ የጠረጴዛውን ጨርቅ አደራ እላለሁ። በክረምት የደብረ ብርሃን ጭጋግ ወደ ቤት ሲገባ ጨርቁ እርጥበት ይይዝና ኳሱ ሳይደርስ ይቆማል፤ ስለዚህ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ጨርቁን ከነጩ ኳስ መነሻ ወደ ጥቁሩ ኳስ አቅጣጫ ብቻ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል። ብሩሹ ወደ ኋላ ከተመለሰ የጨርቁ ፀጉር ይነሣል፤ በዝግታ የምትንከባለል ኳስም መስመሯን ትስታለች።

ዳኛው በእያንዳንዱ ምት ነጥቡን ጮክ ብሎ ይቁጠር፤ ቀይ 1፣ ጥቁር 7 መሆኑን ተመልካቹ የሚለምደው እንዲህ እየሰማ ነው።