ጭንቀትን እናብርድ ስንል የምናባብስባቸው ስህተቶች

ጭንቅ ጥብብ ሲለን መጀመሪያ የምንሰማው ምክር «አየር ሳብ አድርግ» የሚል ነው። ምክሩ ክፋት የለውም፣ ችግሩ አሳሳቡ ላይ ነው። ብዙ ሰው አፉን ከፍቶ፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቅሎ፣ ቶሎ ቶሎ በትልቁ ይስባል። እንዲህ ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ውስጥ ከልክ በላይ ይወጣል፤ ያኔ ራስ ያዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል፣ ደረት ይጨመቃል፣ ሰውየውም «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ጭራሽ ይደነግጣል።

ቁም ነገሩ ማስወጣቱ ላይ ነው። ስንስብ የልብ ምት ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ደግሞ ከአንጎል ወደ ልብ በሚወርደው በቫገስ ነርቭ በኩል ቀስ ይላል። ስለዚህ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ በልኩ ሳቡ። ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈራችሁን አሞጥሙጡና እስከ 6 እየቆጠራችሁ ልቀቁት። አንድ እጅ ሆድ ላይ ይሁን፤ ከፍ ዝቅ ማለት ያለበት እሱ ነው፣ ትከሻ አይደለም። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ደግሞ ደህና በሆናችሁበት ቀን ተለማመዱት፣ በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር መማር አይሆንም።

ሁለተኛው ቡና ነው። (እዚህ ላይ እንደምንጣላ አውቃለሁ።) ተዉት አልልም፣ ማን ሊሰማኝ! ግን ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌይን፣ ከጠጣን 5 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላም ግማሹ ሰውነታችን ውስጥ አለ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ ያጣጣመ ሰው ማታ ልቡ ድው ድው ሲል ጭንቀት ብቻ ይመስለዋል። የሚያረጋጋው ጨዋታውና ጎረቤቱ ስለሆነ፣ አቦሉን ጠጥታችሁ ለቶናና ለበረካ ወሬውን ብቻ ብትቀጥሉ የሚቀርባችሁ ነገር የለም። ባዶ ሆድ ላይማ ባይሞከር ይሻላል፤ የረሃብ መንቀጥቀጥና የቡና መንቀጥቀጥ ሲደራረቡ ከፍርሃት አይለዩም።

ጫትስ? «ያረጋጋኛል» የሚሉ አሉ። ጫት አነቃቂ ነው፣ ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱና መነጫነጩ ይመጣል። እሱን ለመስበር ጨብሲ ይባላል፣ አልኮሉ ቶሎ ያስተኛና ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፣ ጠዋት ደግሞ ጭንቀቱ ብሶ ይጠብቃል።

ከሁሉም በዝምታ የሚያድገው ግን መሸሽ ነው። አንዱ ሚኒባስ ውስጥ ድንገት ጭንቅ ይለውና በማግስቱ በእግሩ ይሄዳል። እፎይ ይላል። አእምሮውም «ታክሲ አደገኛ ነው፣ ያመለጥኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይይዛል፣ ቀጥሎ ባንክ ቤት ወረፋ፣ ቀጥሎ ለቅሶ ቤት ይፈራል። መፍትሔው መታገል ሳይሆን ቀስ በቀስ መመለስ ነው፦ መጀመሪያ አንድ ፌርማታ፣ በር አጠገብ ተቀምጦ፣ ፍርሃቱ እስኪቀንስ ሳይወርዱ።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም» የሚለውም ያሳስታል። ውጭ አገር ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል የዕፅዋት መድኃኒት የእርግዝና መከላከያ እንክብልን፣ የኤችአይቪ መድኃኒትን ያዳክማል፤ ከድብርት መድኃኒት ጋርም አይስማማም። የታዘዘ መድኃኒትንም ጸበል ስለጀመሩ ብቻ በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ያስቸግራል። ጸበሉም መድኃኒቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ልብ ምቱ፣ ላቡና ክብደት መቀነሱ አብረው ከመጡ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ የደም ማነስም ልብ ያስመታል፤ ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ትንፋሽ መቁጠሩን ትታችሁ ዛሬውኑ፣ ሰው አስከትላችሁ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።