በጎጃም ደጋ የመታጠቢያ ውኃን በፀሐይ ማሞቅና የመብራት ሒሳብን ዝቅ ማድረግ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ እጅ ያደነዝዛል። በዚህ ምክንያት ቦይለር ያስገባ ቤተሰብ ግን ከመግዣው ይልቅ የወር ፍጆታውን አስቀድሞ ሊያሰላ ይገባዋል። 100 ሊትር ውኃን ከ16 ወደ 46 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማድረስ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ በየቀኑ ሲሞቅ በወር ከ100 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ስለሆነ፣ ወርኃዊው ፍጆታ 50፣ 100 እና 200 ኪሎዋት ሰዓትን እያለፈ በሄደ ቁጥር የመብራቱ ዋጋ እየተወደደ ይሄዳል። ስለዚህ በአምፖል፣ በቴሌቪዥንና በምጣድ ብቻ ከታችኞቹ እርከኖች ላይ ይቀር የነበረ ቤት፣ ቦይለር ሲጨመርበት ወደ ውዱ እርከን ይወጣል። የፀሐይ ማሞቂያ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ የሚቀንሰው ውዱን ፍጆታ ነውና። የራስዎን እርከን ለማወቅ ቦይለሩን ያበሩበትንና ያጠፉበትን ወር የቆጣሪ ንባብ ያነጻጽሩ።

ለውኃ ብቻ ከሆነ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን የሶላር ፓነል ሳይሆን ውኃውን በቀጥታ የሚያሞቀውን ሰብሳቢ እንዲመርጡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ፓነል ካረፈበት የፀሐይ ኃይል አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ሲጠቀም፣ ሰብሳቢው ግማሽ ያህሉን ወደ ሙቀት ይለውጣል። በበጋ 2 ካሬ ሜትር ሰብሳቢ በአንድ ጥርት ያለ ቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ሊሰጥ ይችላል፤ ይህም ለአንድ ቤተሰብ መታጠቢያ በቂ ነው።

ሰብሳቢው ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ 20 ዲግሪ ያህል ይዘንብል። ጎጃም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10 እና በ12 ዲግሪ መካከል ስለሚገኝ በብርዱ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ትሄዳለች፤ ማዘንበሉ አቧራውንም ዝናብ እንዲያጥበው ይረዳል። የሞቀ ውኃ በራሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ፓምፕ በሌለው ማሞቂያ የሞቀውን ውኃ የሚያጠራቅመው ጋን ከሰብሳቢው በላይ፣ ቀዝቃዛውን ውኃ የሚያቀብለው ሮቶ ደግሞ ከጋኑ በላይ መቀመጥ አለበት። ክብደቱን አይናቁ፤ 150 ሊትር የያዘ ጋን ከነብረቱ ከ200 ኪሎ ሊያልፍ ስለሚችል፣ የባሕር ዛፍ ማገር ባለው የቆርቆሮ ጣሪያ መሐል ከመጫን ይልቅ በግድግዳው አናት ላይ ወይም ከመሬት በተነሣ የብረት ማቆሚያ ላይ ይሁን። ወደ መታጠቢያው የሚወርደው ቧንቧም አጭርና በስፖንጅ የተጠቀለለ ይሁን።

ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ደመናው ስለሚከብድ የኤሌክትሪክ ድጋፍ ማስፈለጉ አይቀርም። ብዙዎች እዚህ ላይ ገንዘባቸውን ያባክናሉ፤ የጋኑን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጠዋት ካበሩት ውኃው አስቀድሞ ስለሚሞቅ ፀሐይዋ የምትጨምርበት አይኖርም። ይልቁንም ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የጋኑን ሙቀት ይመልከቱና ከ40 ዲግሪ በታች ከሆነ ብቻ ያብሩት፤ 1.5 ኪሎዋት የሆነ ማሞቂያ በአንድ ሰዓት 100 ሊትር ውኃን 13 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል። ለጤና ሲባል ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ጋኑን እስከ 60 ዲግሪ ማድረስ ይገባል፤ ለብ ባለና በቆመ ውኃ ውስጥ ጎጂ ባክቴሪያ ይራባልና።

በበጋ የሰብሳቢውን መስተዋት ከአቧራ ያጽዱ፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ የጋኑን ማውረጃ ቧንቧ ከፍተው ደለሉን ያስወግዱ፤ ደለል የተጠራቀመበት ማሞቂያ ያንኑ ውኃ ለማሞቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳልና።