ችግር ላይ ካለ ክለብ የዓመት ትኬት ልግዛ ወይስ ልተው? ለጎንደር ደጋፊ

ነሐሴ ሲገባ ፒያሳ ላይ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ወሬው አንድ ነው፤ ማን ፈረመ፣ ማን ሄደ። ክለብ ገንዘብ ሲያጥረው ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። የዓመቱን ትኬት ወይም የደጋፊ ካርድ አሁን ልግዛ? ከገዛሁ በኋላ ቡድኑ ቢበተንስ? ይህን የምጽፈው የከተማችንን ክለብ የፋሲል ከነማን ሒሳብ ለመመርመር አይደለም። የየትኛውም ክለብ ደጋፊ ብሩን ከማውጣቱ በፊት ምን ማየት እንዳለበት ለማሳየት ነው።

1. የሚሸጥላችሁ ምን እንደሆነ ለዩ

ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ዘሎት ያልፋል። ካርዱ ስታዲየም ያስገባል? ወይስ የአባልነት መዋጮ ነው? ወይስ ማሊያና ቅናሽ ብቻ ያሰጣል? ሻጩ «ሁሉንም» ካላችሁ በጽሑፍ አሳየኝ በሉት።

እኛ አገር ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አልተጫወተም። ውድድሩ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየዞረ ነው የተካሄደው። ከዚያ ወዲህም ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መካሄዱን ለምዶታል። አፄዎቹ (ፋሲሎች) ሻምፒዮን ሲሆኑ አፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ባዶውን ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የዘንድሮው ጨዋታ የት ነው?» ብላችሁ ነው። ባሕር ዳር ከሆነ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማልዶ ለተነሳ ሰው ደርሶ መልስ ይሆናል። ሐዋሳ ከሆነ ግን ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የመግቢያ ካርድ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ጨዋታውን ኳስ የሚያሳይ ቤት ገብታችሁ፣ እዚያም ሒሳብ ከፍላችሁ ልታዩት ነው። የጨዋታው ቦታ ካልታወቀ ደግሞ መቸኮል የለም። የሊጉ መርሐ ግብር ሲወጣ ትወስናላችሁ።

2. ዋጋውን ለሁለት ክፈሉት

እስክሪብቶ አንሱ። ለምሳሌ ካርዱ 3,000 ብር ነው እንበል። እናንተ ከልብ ልትገኙባቸው የምትችሏቸው ጨዋታዎች 10 ናቸው፣ የአንዱ መግቢያ 100 ብር ነው። 1,000 ብሩ የኳስ ዋጋ ሆነ። የቀረው 2,000 ብር ስጦታ ነው።

ስጦታ መስጠት ምንም ነውር የለበትም። ለክለብ ፍቅር ሲባል ከዚህም በላይ የሚያወጣ ሰው ሞልቷል። ግን ስጦታ መሆኑን አውቃችሁ ስጡ። «በገንዘቤ ገዝቻለሁ» ብላችሁ ካሰባችሁ ቡድኑ ሲወርድ ትናደዳላችሁ። «ሰጥቻለሁ» ካላችሁ ብታዝኑም አትቆጩም። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። ያ የስጦታ ክፍል ነገ ቢጠፋ የቤት ኪራይ ወይም የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚያናጋ ከሆነ ካርዱ ይቅር።

3. የክለቡን ኪስ ፈትሹ

ክለቦቻችን የሒሳብ መዝገብ አደባባይ አያወጡም። ቢሆንም ምልክቱ አይደበቅም።

ዋናው ምልክት ደሞዝ ነው። ተጫዋቾች ልምምድ አቆሙ የሚል ወሬ ሲደጋገም አትናቁት። አንድ ወር መዘግየት ያጋጥማል፤ ሦስትና አራት ወር ከሆነ ግን ቤቱ ቀዳዳ አለው። ደሞዝ ያልተከፈላቸው ተጫዋቾች ለፌዴሬሽኑ ሲከሱ የሚሰጡት ውሳኔዎች በስፖርት ዜና ይወጣሉ፤ እነሱን ተከታተሉ። የውጭ ተጫዋች ከሶ ፊፋ ድረስ ከደረሰ ደግሞ ማየት ይቀላል። ፊፋ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግቡ ያገዳቸውን ክለቦች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ስልካችሁ ላይ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው በጀት ነው። የከተማ ክለብ አብዛኛው ገንዘቡ ከከተማ አስተዳደሩ ነው የሚመጣው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ «የክለቡ በጀት ጸድቋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የደጋፊ መብት ነው። የደጋፊ ማኅበሩ ሰዎች መልሱን ማወቅ አለባቸው። ካላወቁ እሱም ራሱ መልስ ነው።

የድርጅት ክለብ ከሆነ አደጋው ሌላ ዓይነት ነው። ባለቤቱ በቃኝ ካለ አለቀ። ጎንደር ይህን በዓይኗ አይታለች። የቢራ ፋብሪካው ክለብ ዳሽን ቢራ ከተማዋን ወክሎ በፕሪሚየር ሊግ ይጫወት ነበር፤ 2008 ዓ.ም ላይ ወረደ፣ ከዚያ በኋላ ቡድኑ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ እንጂ ከተማዋ ባዶ እጇን ነበር የምትቀረው።

ፈረንጆቹም ጋ ያው ነው። የእንግሊዙ በሪ እ.ኤ.አ. በ1885 የተመሠረተ ክለብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በገንዘብ ችግር የተነሳ የውድድር ዓመቱን አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ከሊጉ ተባረረ። በሌላ በኩል የስኮትላንዱ ሬንጀርስ እ.ኤ.አ. በ2012 ከስሮ ከአራተኛው እርከን ሲጀምር ደጋፊው ከ30 ሺህ በላይ የዓመት ትኬት ገዛና ይዞት ወጣ። ልዩነቱ የፍቅር ብቻ አይደለም። የሬንጀርስ ደጋፊ ሲገዛ ጨዋታው የት እንደሚሆን፣ ስንት እንደሚሆን ያውቅ ነበር።

4. ብሩ ወዴት እንደሚገባ እዩ

እዚህ ላይ ዓይን ይጠይቃል። ቴሌብር ላይ ቁጥሩን ስትጽፉ፣ ፒን ከማስገባታችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። የክለቡ ወይም የማኅበሩ ስም ነው? ወይስ የአንድ ግለሰብ? የግለሰብ ከሆነ እዚያው አቁሙ። ሰውዬው ጨዋ ሊሆን ይችላል፣ የሰፈራችሁ ልጅም ሊሆን ይችላል። ግን የክለብ ብር በግለሰብ ስልክ አይሰበሰብም። ባንክም ከሆነ ያው ነው፤ የሒሳቡ ባለቤት ስም ክለቡ መሆን አለበት።

ደረሰኝ ተቀበሉ። ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም ይኑረው። ፎቶ አንሱት፤ ወረቀቱ ዝናብ ላይ ትሪቡን ስር ይጠፋል።

5. እነዚህን ጠይቁ

ጨዋታ ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር ምን ይደረጋል? ቡድኑ ቢወርድ ካርዱ ከፕሪሚየር ሊግ ቀጥሎ ላለው እርከን፣ ለከፍተኛ ሊግም ይሠራል? ቡድኑ ቢፈርስ ገንዘብ ይመለሳል? ለመጨረሻው ጥያቄ «ኧረ ምን ክፉ አፍ ነው!» የሚል መልስ ካገኛችሁ የተዘጋጀ ነገር የለም ማለት ነው።

6. ይሉኝታን ወደ ጎን በሉት

ይህ ከሒሳቡ ይከብዳል። «እከሌ ከፈለ፣ አንተስ?» ሲባል እጅ ኪስ ይገባል። የደጋፊ ማኅበሩ ልጅ የጓደኛችሁ ወንድም ነው፣ እንዴት እንቢ ይባላል? እንቢ አትበሉ፤ «መርሐ ግብሩ ይውጣና እንነጋገር» በሉ። ማንም አይቀየምም። በቡድን መግዛትም ጥሩ ዘዴ ነው። አምስት ስድስት ጓደኛሞች ሆናችሁ ሂዱና ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከአንደኛው ዙር በኋላ እንክፈል ብላችሁ ተደራደሩ። ብቻውን የሄደ ሰው ይህን ጠይቆ ላይሰማ ይችላል፣ ስድስት ሰው ሲጠይቅ ግን ይሰማል። ገንዘብ ያጠረው ክለብ ከምንም ግማሽ ይሻለዋል።

7. ወስኑ

ጨዋታው ቅርብ ከሆነ፣ ደሞዝ እየተከፈለ ከሆነ፣ ብሩም በክለቡ ስም የሚገባ ከሆነ ግዙ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በግማሽ ክፍያ ጀምሩ። ሁለቱ ከጎደሉ ካርዱን ተዉትና በሌላ መንገድ ደግፉ። ቡድኑ አጠገባችሁ ሲጫወት በር ላይ ትኬት ቆርጣችሁ ግቡ። ማሊያውን መንገድ ላይ ከተዘረጋው ሳይሆን ከክለቡ ግዙ፤ የመንገዱ ይረክሳል፣ ለክለቡ ግን አምስት ሳንቲም አይደርሰውም።

ከገዛችሁ ደግሞ ደረሰኙን ይዛችሁ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ተገኙ። አባልነታችሁ ድምፅ የሚያሰጥ ከሆነ የኦዲት ሪፖርቱን ጠይቁ፤ ሰብሳቢው ስለ አዲሱ አጥቂ ማውራት ቢጀምርም ጥያቄያችሁን ድገሙት።